ለመነኮሳቱ ያለቀስን ቀን

በእኛ ጊዜ ለቅሶ በፈቃድ ነበር። ትስቂያለሽ? አትሳቂ። አሁን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩን ያመጣል፣ እንዳሻሽ ታለቅሻለሽ፣ እንዲያውም ካላለቀስሽ ትታሚያለሽ። በእኛ ጊዜ ግን የሞተው ልጅ «ፀረ ሕዝብ» ከተባለ እናቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መቀመጥ ነው እንጂ ድምፅ ማውጣት የለም። እና አንቺ ነገ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ከሳጉሬ በላይ ያለውን የገዳም ፍርስራሽ ልታሳዪ ነው ሲሉኝ፣ ይቺ ልጅ ይኼን ሳትሰማ አትሄድም አልኩ። ተቀመጪ። እናንተም ቴሌቪዥኑን ዝጉት፣ ኳሱን ኋላ ታዩታላችሁ።

ታዲያ ወንድም ነበረኝ፣ ታምራት የሚባል። ፎቶው ይኸው እዚያ ግድግዳ ላይ አለ፣ ከፊት ጥርሱ አንዱ ግማሽ ነው፣ ልጅ ሆኖ ከጋሪ ወድቆ ነው። አሰላ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር፣ ከጎረቤታችን ከአዴ ሩቂያ ልጅ ከከማል ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ የአንዱን ሹራብ አንዱ ለብሶ ነው የሚመጣው፣ ለፋሲካ ሁለቱም እኛ ቤት፣ ለኢድ ሁለቱም እነሱ ቤት። እና ቀይ ሽብር የመጣ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ወሰዷቸው። ወረቀት ተገኘባቸው ተባለ። ምን ወረቀት እንደሆነ ማን ይጠይቃል።

እኔ ያኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት የገብሱን ዱቄት በቅቤ ለውሼ ጭኮ እሠራለሁ፣ ታምራት ጭኮ ነፍሱ ነው፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ እሞላዋለሁ። እናቴ እሱን ትይዛለች፣ አዴ ሩቂያም የራሷን ትይዛለች፣ እና ሁለቱ አብረው እስር ቤቱ በር ድረስ ይሄዳሉ። ከሥራ ስመለስ ባዶውን ዕቃ አየዋለሁ። «በላ?» እላታለሁ። «ጨርሶታል» ትለኛለች። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ በላ? ጨርሶታል።

ታዲያ አንድ ቀን እዚያው ታስሮ የተፈታ ሰው ቢሮዬ መጣ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ መስሎ ጎንበስ አለና፣ ከንፈሩ እንኳ ሳይንቀሳቀስ፣ «ታምራትን አትጠብቁ፣ ጓደኛውንም» አለኝ። ይኼን ብሎኝ ዞሮ ወጣ። እኔ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? መተየቤን ቀጠልኩ። ስለ ማዳበሪያ የሚናገር ደብዳቤ ነበር፣ አልረሳውም። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ስንት ዓመት አልፎ ዛሬም ያ ነገር ያሳፍረኛል፣ ምነው አንዷን ፊደል እንኳ ብስት እላለሁ።

አሁን እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ ሴቶቹ እናቲቱን ከግራ ከቀኝ ይይዟታል፣ ከዚያ ነው የሚነገራት። እኔ ያኔ ማንን ልሰብስብ? የሰበሰብኩትን ሁሉ እኮ ቀበሌ ይጠራዋል። እሷም ብትጮህ፣ የኔ እናት ደግሞ ስታለቅስ ድምፅዋ ጭላሎ ተራራ ይደርሳል፣ እሷንም ይወስዷታል፣ እኔንም ከሥራ ያባርሩኛል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? ፈራሁ። ፈርቼ ዝም አልኩ። እና በማግስቱ ተነሥቼ ጭኮ ለወስኩ። ለሞተ ሰው ጭኮ ለወስኩ። ሁለት ወር ሙሉ። «በላ?» «ጨርሶታል።» በሆዴ፣ ጠባቂዎቹ ናቸው እየበሉ የሚያሞኟት እላለሁ፣ ግን ምን ልበል?

ሁለት ወር ሲሞላው አንድ ጠዋት እናቴ፣ «በይ ከዛሬ ጀምሮ አትድከሚ፣ ወደ አዲስ አበባ አዛውረነዋል ብለውኛል» አለችኝ። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው የነገረችኝ። እኔ ውሸታሞች አልኩ በሆዴ፣ ደግሞም ተመስገን አልኩ፣ ከዚያ ጭኮ ገላገሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖርን። እናቴ የታምራትን ጋቢ በየወሩ አጥባ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ አጣጥፋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያንን ጋቢ ባየሁ ቁጥር ይቺ ሴትዮ እየጠበቀች ነው እላለሁ፣ ግን አፌን አልከፍትም።

እና ወደ ገዳሙ ልምጣላችሁ። ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ ተባለ፣ ከሳጉሬ በላይ ጥዱ መሐል ያለውን የድንጋይ ክምር ሊያስቆፍር። ክምሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከብት ይወጣበታል፣ ድንጋዩን ሰው ለአጥር ይወስደዋል። ታዲያ ሲቆፈር ግንብ ወጣ፣ ግንቡ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገዳም ሆነ። እሱስ ምንም አልነበረም፣ ድንጋይ ምን ያደርገናል። አንድ የገበያ ቀን ግን ወሬው አሰላ ገባ፤ «ከሳጉሬ በላይ አጥንት ወጣ።»

ይኼን ብቻ ነው ያሉት። የመነኩሴ ነው የሚለው ወሬ ኋላ ነው የደረሰው። እኔ ገበያው መሐል ነበርኩ፣ ልጇ የጠፋባትን እናት ያኔ በዓይን መለየት ይቻል ነበር። አንዷ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር፣ ሽንኩርቱን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሻጯ «ትወስጂዋለሽ ወይስ አትወስጂውም?» ብትላት አትሰማም። የልጆቻችን ይሆን ብላ የተናገረች አንዲት ሴት የለችም። ሁሉም ግን ያሰበው እሱኑ ነው።

ታዲያ ሳምንት ሳይሞላ የኛ ካድሬ ስብሰባ ጠራ። «የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ ለመመልከት የጉብኝት ፕሮግራም ስለተዘጋጀ የሴቶች ማኅበር አባላት ትመዘገባላችሁ» አለ። እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ስሟ በተጠራ ቁጥር «አሟት ነው» የምልላት እናቴ፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች። ከኋላዋ አዴ ሩቂያ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ። ካድሬው ደስ አለው፣ «የሴቶቻችን ንቃት አድጓል» አለ። እኔ ግን ደነገጥኩ። የታምራት መስሏት እዚያው ትወድቅብኛለች አልኩ። እና ለቢሮ አሞኛል ብዬ ልኬ አብሬያት ሄድኩ።

በጭነት መኪና ላይ ተጫንን፣ ወደ ሃያ ሴቶች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካድሬው ከፊት ከሾፌሩ ጋር ተቀምጦ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «መዝሙር የለም እንዴ?» ይላል። አንዷ ጀመረችና ማንም ሳይቀበላት ተወችው። ሳጉሬን አልፈን መንገዱ ጭቃ ሲሆን ወረድን፣ የቀረውን በእግር ወጣነው። እናቴ ያኔ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ያን ቀን ግን ከፊቴ ነበረች።

ስንደርስ ባለሙያው ተቀበለን፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጺማም፣ ዝምተኛ ሰው። መሬቱ ሁሉ ክር ተወጥሮበታል፣ «እባካችሁ ክሩን እንዳትረግጡ» አለ። ግንቡ እስከ ወገባችን ይደርሳል። «እዚህ ጋ ቅኔ ማኅሌቱ ነው፣ ያ መቅደሱ ነው፣ ወዲያ ደግሞ መነኮሳቱ ማዕድ የሚቀርቡበት ቤት። ይኼ ጥቁሩ አፈር አመድ ነው፣ እሳት በልቶታል» አለን። «መቼ?» ብላ አንዷ ጠየቀች። «አምስት መቶ ዓመት ግድም ይሆነዋል» አላት። ካድሬው ይኼን ሲሰማ ገባበት፣ ድምፁን እንዲህ ከጉሮሮው እያወጣ፣ «ይህ እንግዲህ ጓዶች፣ ፊውዳሎች የጭቁኑን ሕዝብ ጉልበት በዝብዘው ያሠሩት መሆኑን ልብ እንድትሉ!» ሴቶቹ ግንቡንም አላዩ፣ እሱንም አልሰሙ። ዓይናቸው አጥንቱን ነው የሚፈልገው።

አጥንቱ ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ነበር። ሰባት ጉድጓድ፣ ሰባት ሰው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በጀርባቸው ተኝተዋል። እናቴ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከች። የመጀመሪያውን አየች፣ ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ ወደ ሦስተኛው። አፋቸውን ነው የምታየው፣ ጥርሳቸውን። ገባኝ። አራተኛው ጋ ስትደርስ ቀረች። ከፊት ጥርሱ አንዱ ግማሽ ነው። ልይዛት ስል ባለሙያው ቀድሞኝ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እነዚህ የድሮ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሽማግሎች ናቸው፣ ወጣት የለበትም። ቢኖር እነግርዎት ነበር» አላት። ምን እየፈለጉ ነው ብሎ አልጠየቃትም። ከሷ በፊት ስንት እናት እንደመጣችበት እሱ ነው የሚያውቀው። እናቴ ቀና ብላ አየችውና፣ «እዚህም የለም እንግዲህ» አለች። እኔ እፎይ አለች ብዬ አሰብኩ። እፎይታ መሰለኝ።

ልንመለስ ነው ስንል ደግሞ የሚቆፍሩት ገበሬዎች ሽማግሌ ወደ ካድሬው መጡ። «ጓድ፣ አጥንቱ ተለክቶ አልቋል፣ ዛሬ ወደ ቦታው ይመለስ ተብለናል። ያለ ጸሎት ግን አፈር አንመልስም። ገብሱ እሸት ነው፣ በረዶ ቢወርድብን ማን ይጠየቅልናል?» ካድሬው፣ «ይህ አድኃሪ አስተሳሰብ ነው» አለ። «ይሁን፣ አድኃሪ ነን። እንግዲያው እርስዎ ይመልሱት» ብለው አካፋውን እግሩ ሥር አኖሩለት። ሌሎቹም አኖሩ። ካድሬው አካፋውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። «አጭር ይሁን» አለ።

መምሬ አስፋው የሚባሉ የሳጉሬ ቄስ ነበሩ፣ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፣ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው መጡ። ጀመሩና አቆሙ። «የክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባለሙያው፣ «አባቴ፣ ስማቸው አልተገኘም፣ የተጻፈ ነገር የለም» አላቸው። «ስም ሳልጠራ እንዴት አድርጌ ላሳርፋቸው?» አሉና ፊታቸውን ወደኛ አዞሩ። «እስቲ እናንተ ስም ስጧቸው፣ እናቶች አይደላችሁ?»

አውቀው ነው ወይስ በየዋህነት? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ኋላ ስንጠይቃቸው «እኔ እንጃ፣ አረጀሁ» እያሉ ሞቱ።

አያችሁ፣ የክርስትና ስምን የሚያውቅ ቤተሰብና የነፍስ አባት ነው። ቀበሌ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ታምራትን ታምራት እያለ የሚጠራው ሰው ሁሉ፣ የወሰዱት ሰዎች እንኳ፣ የክርስትና ስሙን አያውቁትም። ታዲያ እናቴ፣ አጠገቤ የቆመችው እናቴ፣ «ወልደ ሰንበት» አለች።

ወልደ ሰንበት ታምራት ነው።

እኔ የተቆፈረውን ግንብ ያዝኩ። እዚያ የሚሰጠው የሙታን ስም ነው እኮ። ሦስት ዓመት የደበቅሁባት እናቴ፣ ጋቢውን አጥባ የምታሰጣው እናቴ፣ ልጇን በገዛ አፏ ከሙታን ቆጠረችው። መምሬም «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት»፣ የአገልጋይህን የወልደ ሰንበትን ነፍስ፣ ብለው ተቀበሏት። ከዚያ አንዷ «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች። አንዷ «ተክለ ማርያም»። ያቺ ሽንኩርት የምትመርጠው «ወለተ ኪሮስ» አለች፣ የሴት ልጅ ስም፣ መነኮሳቱ መሐል፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። መምሬ ሁሉንም በዜማ ያስገባሉ። ታዲያ እናቴ ይኼኔ ድምፅዋን ለቀቀችው። ሦስት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ሃያዎቹም አብረው ጮኹ፣ ደረት ተመታ፣ እኔም፣ በዚያ የማዳበሪያ ደብዳቤ ላይ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት።

ካድሬው እየሮጠ መጣ። «ምንድነው? ምንድነው ይኼ? ለምንድነው የምታለቅሱት?»

«ለመነኮሳቱ ነው ጓድ» አለችው እናቴ። «ዘመድ የላቸውም።»

«አምስት መቶ ዓመት የሞተ ሰው ይለቀስለታል?»

«ሳይለቀስለት ከቀረ፣ አዎ፣ ይለቀስለታል።»

ለመነኩሴ አለቀሱ ብሎ ሃያ አሮጊት አይሰር ነገር። ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ በደህና ባበቃ ነበር። አዴ ሩቂያ ግን ነጠላዬን ሳበችኝ። «ማሎ ጌጤ፣ እባክሽ፣ የኔንስ ይቀበሉኛል?» አለችኝ፣ ዓይኗ ደም መስሏል። የሷ ልጅ የክርስትና ስም የለውም። የሚሸፍነው ነገር የለውም። ከማል ከማል ነው፣ ቀበሌም የጻፈው በዚሁ ስም ነው። «ተይ አዴ፣ ይሰሙሻል» ልላት ስል ጥላኝ ሄደች፣ መምሬ ፊት ቆመች፣ እና «ከማል» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ትልቅ ነገር ነው የጠየቀቻቸው፣ ለቄስ ቀላል አይደለም። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑና በዚያው ዜማ፣ «ወነፍሰ ገብርከ ከማል» አሉ።

ካድሬው ደግሞ ልጅ ሆኖ ድቁና ቀምሷል ይባላል። «ቆዩ» አለ። «ከማል የሚባል መነኩሴ አለ? ሴትስ በወንዶች ገዳም ትቀበራለች? ደግሞ ጉድጓዱ ሰባት ነው፣ ስሙ አሥር አለፈ።» በቃ አለቅን አልኩ። መምሬ፣ «እኔ የተሰጠኝን ነው የምጠራው» አሉ። ካድሬው ወደ ባለሙያው ዞረ፤ «አንተ ነህ የምታውቀው፣ ስንት ናቸው?» አለው። ያ ዝምተኛ ሰው አዴ ሩቂያን እያየ፣ «ገና ያልተቆፈረ አለ፣ ጓድ» አለው።

ካድሬው ባለሙያውን አየው፣ እኛን አየን፣ ከዚያ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበና፣ «ጨርሱና ኑ፣ መኪናው ጋ ነኝ» ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ። እኔ ያንን ሰው ወድጄው አላውቅም፣ ዛሬም አልወደውም፣ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አውቃለሁ። ግን በዚያ ጊዜ ጀርባውን የሚሰጥሽ ካድሬ ማግኘትም ዕድል ነበር። እና አፈሩን መለሱት፣ እኛም እፍኝ እፍኝ እየዘገንን ጨመርን፣ እንደ ወጉ።

መኪናው ላይ እናቴ ጎኔ ተቀመጠች። ሳጉሬን ስናልፍ፣ «መቼ ሰማሽ?» አለችኝ። እኔን ነው የምትጠይቀኝ።

«ጭኮውን እየለወስኩ በነበርኩበት ጊዜ» አልኳት።

«እያወቅሽ ነበር የምትለውሺው?»

«አዎ። አንቺስ?»

«በሩ ላይ ያለው ጠባቂ፣ እናት፣ ይኼን ከእንግዲህ ለራስሽ ብዪው አለኝ። ለሩቂያም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ ዕቃችንን ይዘን እንወጣና ምግቡን ለነዳያን ሰጥተን ባዶውን ይዘን እንመለሳለን። አንቺ ከሰማሽ ቢሮ ውስጥ ታለቅሻለሽ፣ ያባርሩሻል ብዬ።»

«ጋቢውስ?»

«ጋቢውም ላንቺ ነው። የምጠብቀው እንዲመስልሽ።»

አያችሁልኝ? እኔ ለሷ ብዬ፣ እሷ ለኔ ብላ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ስንደባበቅ። ተቃቅፈን የምናለቅስበትን ሦስት ዓመት እንዲሁ አቃጠልነው። ወንድሜን ወሰዱት፣ ይኼን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያንን ሦስት ዓመት የወሰዱብንን ግን የትም ተጽፎ አላየሁም። እናቴ ከሞተች ይኸው ስንት ዘመኗ፣ እኔ ግን ከሞቷ ይልቅ የሚቆጨኝ ያ «በላ?» «ጨርሶታል» ነው። አንቺ ደግሞ ተይ፣ አታልቅሺ፣ ነገ ሥራ አለብሽ።

«እትዬ ጌጤ፣ ነገ አስጎብኚው እዚህ ያረፉት ሰባት መነኮሳት ናቸው ሲለን ምን ልበል?»

እሺ በይ። ሰባት ናቸው፣ አልዋሸም።

«ተማሪዎቹ ስማቸውን ቢጠይቁኝስ?»

ስማቸውንማ እንጃ። ቦታቸውን አዋሱን እንጂ ስማቸውን አልነገሩን። (እትዬ ጌጤ ሳቁ) ቢመጡና ቢጣሉን እውነታቸውን ነው፣ በነሱ ስም የተለቀሰው ሁሉ ለኛ ልጆች ሆነ። አንቺ የኛዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ምንድነው፣ ልትጽፊያቸው ነው? መጻፉንስ ጻፊ፣ ግን በአፍሽም ያዢያቸው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ። እስቲ በይ ልስማሽ።

«ወልደ ሰንበት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ማርያም፣ ወለተ ኪሮስ…»

እና?

«ከማል።»

እንዲያ ነው። አሁን ኳሳችሁን ክፈቱ።